የፖስት ካርዱ ጀርባ

የምሠራው የቆዩ ፎቶግራፎችና ደብዳቤዎች ወደ ዲጂታል በሚገለበጡበት ክፍል ነው። ለየካቲት 23 ዐውደ ርዕይ ፎቶ ስንለቅም አንድ ጡረተኛ መምህር ወታደራዊ ፖስት ካርድ ይዘው መጡ። ሮም የምትኖር ልጃቸው ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዝታ የላከችላቸው ነው። በካርዱ ላይ ታርቡሽ የሚባለውን ረጅም ቀይ ቆብ ያጠለቁ፣ ወገባቸውን በሰፊ ጥቁር መቀነት የታጠቁ ሦስት ወታደሮች ቆመዋል።

«መካከለኛው አያቴ ናቸው። ከምኒልክ ጋር አድዋ ዘምተዋል። ቤት ያለው ፎቷቸው ቁርጥ ይኼ ነው» አሉን።

የክፍላችን ኃላፊ በጣም ተደሰቱ። በትልቁ ታትሞ መግቢያው ላይ እንዲሰቀል አዘዙ።

እኔን የያዘኝ ልብሱ ነው። ታርቡሹና መቀነቱ ኢጣሊያ ከኤርትራ የመለመለቻቸው የአስካሪዎች ልብስ ነው። አስካሪዎች አድዋም ላይ ነበሩ፤ የተሰለፉት ግን በኢጣሊያ ጦር አዛዥ በጄኔራል ባራቲየሪ በኩል ነው። ከምኒልክ ጋር የዘመተ ሰው በዚህ ልብስ ምን ያደርጋል?

ካርዱን ገለበጥኩት። ጀርባው በመስመር ለሁለት ተከፍሎ ግራው ለመልእክት፣ ቀኙ ለአድራሻ ተትቷል። በአድዋ ዘመን የሥዕል ፖስት ካርድ ጀርባ ሙሉውን ለአድራሻ ብቻ ነበር፤ ለሁለት መክፈል የመጣው 20ኛው ክፍለ ዘመን ከገባ በኋላ ነው። ክቡ ማኅተም ደግሞ «ፖስታ ሚሊታሬ» (የጦር ፖስታ) ይላል፤ አጠገቡ የጽሕፈት ቤቱ ቁጥር፣ ቀንና ወር፣ መጨረሻ ላይ በሮማውያን አኃዝ 14 አለ። ፋሺስቶች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 (እ.ኤ.አ.) ጀምረው የራሳቸውን ዓመተ ምሕረት ይቆጥሩ ነበር። 14ኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት 1928 እስከ ጥቅምት 1929 ነው። ማይጨው ላይ የተዋጋንበት፣ አዲስ አበባም የተያዘችበት ዓመት።

ኃላፊዬ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው የማይጨው ፎቶ ነው በለዋ!» አሉኝ። ይህንንም መቀበል አልቻልኩም። ማኅተሙ የሚናገረው ካርዱ የተላከበትን ጊዜ ብቻ ነው። አታሚዎች አንድን ፎቶ ደጋግመው ስለሚያትሙ ምስሉ ከካርዱ ብዙ ዓመት ሊቀድም ይችላል። ጥቁር መቀነት የ4ኛው፣ ቶሴሊ የሚባለው የአስካሪ ሻለቃ መለያ ነው፤ ስሙን ያገኘው ኅዳር 1888 አምባ አላጌ ላይ ከወደቀው ኢጣሊያዊ መኮንን ከቶሴሊ ነው። ካርዱ ግን በእጅ ቀለም የተቀባ ነው። ቀቢው ወታደሮቹን በዓይኑ አይቶ ይሁን በግምት ቀብቶ ካርዱ አይናገርም። መልእክቱም የሚረዳ አልሆነም፤ አንድ ኢጣሊያዊ ወታደር ለእናቱ ደኅና ነኝ ይላል። ስለ ሦስቱ ሰዎች አንዲት ቃል የለም።

ከባዱ ነገር ለመምህሩ መንገር ነበር። ቢሮ አስቀምጠን ማኅተሙን በማጉያ መነጽር አሳየናቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ታዲያ መልኩስ?» አሉኝ በመጨረሻ።

መልክ ይመሳሰላል፣ ጋሼ፣ አልኳቸው። የአያትዎን ስም በዚህ ፎቶ ሥር ብንጽፍ የሚበደሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አያትዎ ያልለበሱትን ልብስ ይለብሳሉ፣ ይህ አስካሪ ደግሞ ከነቤተሰቡ ስሙን ያጣል። ሐማሴን ወይም አካለ ጉዛይ ውስጥ ፎቶውን ቢያዩ «አባባ!» የሚሉ የልጅ ልጆች ሊኖሩት ይችላሉ። አስካሪ ስለሆነ ብቻ ምስሉን ለሌላ ሰው መስጠት አይገባንም። በ1928ቱ ጦርነት ኢጣሊያን ከድተው ወደ ወገን ጦር የገቡ አስካሪዎችም ጥቂት አልነበሩምና፣ የዚህኛውን ሰው መጨረሻ ከልብሱ ተነሥቶ መፍረድ አይቻልም።

መዝገቡ ላይ «ስማቸው ያልታወቀ ሦስት አስካሪዎች፤ ፎቶው የተነሣበት ዘመን አልተረጋገጠም፤ ካርዱ የተላከው በ1928/29» ብለን ጻፍን። የመምህሩን ቃልም በስማቸውና በቀኑ፣ የቤተሰብ ምስክርነት ብለን ለብቻው አያያዝነው። መግቢያው ላይ ሌላ ፎቶ ተሰቀለ። መምህሩ ቤት ያለውን የአያታቸውን ፎቶ አምጥተው ስላስገለበጡ እሱም በዐውደ ርዕዩ ቦታ አገኘ።

አሁን የቀረን የማኅተሙ ቁጥር ነው። የጦር ሜዳ ፖስታ ቤቶች የሰፈሩበት ቦታ እንዳይታወቅ በስም ፈንታ ቁጥር ይጠቀሙ ነበር፤ ቴምብር ሰብሳቢዎች ደግሞ የትኛው ቁጥር መቼ የት እንደነበረ በዝርዝር አውጥተዋል። አንድ ወታደር ለእናቱ አንድ ካርድ ብቻ ጽፎ አያቆምም። ስለዚህ መምህሩ ልጃቸው ወደዚያው ነጋዴ ተመልሳ በዚያው አድራሻ የተላኩ ሌሎች ካርዶች መኖራቸውን እንድትጠይቅ ነግረዋታል።