ትራምፔቱ ሲጠብቃት

ጃዝ ግራ ያጋባኛል የሚለው ጓደኛዬ ትናንት ማታ አብሮኝ ፊልም አየ። የፈረንሳዊው ዳይሬክተር የሉዊ ማል የድሮ ፊልም ነው፣ በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣው። ተዋናይቷ ዣን ሞሮ የምትወደውን ሰው ፍለጋ በሌሊት ፓሪስ ውስጥ ብቻዋን ትዞራለች። ፊቷን የሚያበራው የሱቆች መብራት ነው። የጃዝ ሙዚቀኛው የማይልስ ዴቪስ ትራምፔት ሲጀምር ጓደኛዬ ስልኩን አስቀመጠ።

«ማነው ይሄ ሰውዬ?» አለኝ።

ነገርኩት። ማይልስ በ1957 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ስቱዲዮ ገባ። ከአራት ሙዚቀኞች ጋር ሆኖ፣ የፊልሙን ትዕይንቶች እያየ፣ ሙዚቃውን በአንድ ሌሊት ቀዳው። ይዞ የገባው ጥቂት መነሻ ሐሳብ ብቻ ነው። የቀረው እዚያው የተፈጠረ ነው።

ያንን ትራምፔት ልብ ብላችሁ ስሙት! አንድ ድምፅ ያወጣና ዝም ይላል። ዣን ሞሮ እስክትራመድ ይጠብቃታል። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብሎ ይከተላታል። እኔ ኮንሰርት የምሄደው እንዲህ ያለውን ዝምታ ፍለጋ ነው። ልብ ወለድ ሳነብም ገጸ ባሕሪው ሊናገር ብሎ የተወው ነገር ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ እቆያለሁ። ደስታዬ እዚያ ጋ ነው።

ጓደኛዬ ቀጣዩ ኮንሰርት ላይ አብሬህ ካልመጣሁ ብሏል። የከበሮ መቺውን እጅ በቅርብ የሚያይበት ቦታ ነው የምይዝለት።