ስሜ ሥራ አስኪያጅ፣ እኔ ግን ባለቤት ብቻ

በ2010 ዓ.ም. ሳሪስ አካባቢ ዳቦ ቤት ስከፍት ነርስ ነበርኩ፤ ሥራዬን የመልቀቅ ሐሳብም አልነበረኝም። ያኔ ይሠራበት የነበረው የንግድ ሕግ ለኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያንስ ሁለት አባላት ስለሚጠይቅ፣ ለወንድሜ ለስም ያህል አምስት በመቶ ድርሻ ሰጠሁት። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ስለሚፈቅድ ዛሬ ይህ አያስፈልግም። መመሥረቻ ጽሑፉን ማረጋገጥ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣት፣ የንግድ ምዝገባውና ፈቃዱ ጊዜ ፈጁ እንጂ አላስቸገሩም።

የተሳሳትኩት «ሥራ አስኪያጅ» በሚለው ቦታ ላይ ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀልኝ ሰው የማንን ስም እንደሚጽፍ ሲጠይቀኝ፣ ገንዘቡ የእኔ ስለሆነ ሥልጣኑም በእጄ ይሁን ብዬ የራሴን ስም ሰጠሁት። የዕለት ሥራውን ግን ለአክስቴ ልጅ ጠቅላላ ውክልና ሰጥቼ ተውኩለት፤ ዱቄት የሚገዛው፣ ደሞዝ የሚከፍለው፣ ግብር የሚያስታውቀው እሱ ነበር። እኔ በወር አንድ ቀን ሄጄ «ስንት ተረፈ?» ብዬ እጠይቅና 15,000 ወይም 20,000 ብር ተቀብዬ እመለሳለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ንግዴን መምራት አድርጌ ቆጠርኩት።

በ2013 ከመጀመሪያው ቀን አብራን የነበረች ሠራተኛ ሌላ ሥራ አግኝታ ልትለቅ ስትል የጡረታ መዋጮዋን ማስረጃ ጠየቀች፤ አላገኘችም። ሆስፒታል ድረስ መጥታ፣ «እትዬ፣ በየወሩ ከደሞዜ የሚቆረጠው የት ነው የገባው?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ይህን ስጽፍም የዚያን ቀን እፍረት አልለቀቀኝም።

ስናጣራ የ19 ወር የሠራተኞች የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ሳይከፈል ቀርቷል። መዋጮው ሰባት በመቶ ከሠራተኛው ደሞዝ የሚቆረጥ፣ አሥራ አንድ በመቶ ደግሞ አሠሪው የሚጨምረው ሲሆን፣ ወሩ ካለቀ በሠላሳ ቀን ውስጥ ገቢ መደረግ ነበረበት። ዋናው ዕዳ 145,000 ብር ደርሷል፤ ቅጣትና ወለድ ሲጨመርበት ከ180,000 አለፈ።

ወደ ግብር ሰብሳቢው ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ስሄድ ሁኔታውን ባስረዳ የሚረዱኝ መስሎኝ ነበር። አንዱ መስኮት ወደ ሌላው መራኝ፤ ሌላው ፋይሉ አልተገኘም ብሎ በማግስቱ እንድመለስ ነገረኝ፤ በማግስቱ ፋይሉ ሲገኝ ባለሙያው ስብሰባ ገብቷል። በአራተኛው ቀን ያገኘሁት ሰው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ ሥራ አስኪያጁ ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ስሙ የእኔ ቢሆንም ሥራውን የሚሠራው ሌላ ሰው መሆኑን ነገርኩት።

«ወረቀቱ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት» አለኝ።

ያነጋገረኝ መንገድ ዛሬም ያናድደኛል። በነገሩ ግን ትክክል ነበር። ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ሲባል ካዋጣሁት ካፒታል በላይ እንደማልጠየቅ አውቅ ነበር፤ ያ ግን ለባለድርሻ ነው። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ድርጅቱ ያልከፈለውን ታክስ ሥራ አስኪያጁ ከድርጅቱ ጋር በአንድነትና በነጠላ፣ ማለትም ሙሉውን ዕዳ ብቻውንም ቢሆን፣ ሊጠየቅበት እንደሚችል የሰማሁት እዚያ መስኮት ላይ ነው። የባለድርሻነትን ከለላ ገዝቼ፣ ያልሠራሁበትን ሥራ ተጠያቂነት በገዛ ፊርማዬ ወስጄ ነበር።

ሌባ አገኘሁ ብዬ የአክስቴን ልጅ አፋጠጥኩት። ደብተሩን አውጥቶ አሳየኝ። የዱቄት ዋጋ በጨመረ ቁጥር በእጁ ያለው ገንዘብ አልበቃ ይለዋል፤ እኔም ወሩ ሲሞላ እመጣለሁ፤ ስለዚህ የተቆረጠውን «በኋላ እንከፍላለን» እያለ ለዱቄት አዋለው። በእነዚያ 19 ወራት የወሰድኩትን ሲደምርልኝ 330,000 ብር ሆነ። ከዚያ ውስጥ 145,000ው ትርፌ አልነበረም፤ የመንግሥት ግብርና የሠራተኞቼ ጡረታ ነበር። ከእነሱ ደሞዝ ተቆርጦ የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈለው ያ ገንዘብ ነው።

ንግድ ለሚከፍት ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክር «ስምህን አስገባ፣ ማንንም አትመን» የሚል ነው። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። በየቀኑ የማትገኙበትን ቤት በሥራ አስኪያጅነት አትፈርሙለት፤ የሚሠራው ሰው በስሙ ይመዝገብ፣ ደሞዙም ተጠያቂነቱም የእሱ ይሁን። የባለቤት ሥልጣን ሥራ አስኪያጁን መሾምና መሻር፣ ሒሳቡን መርምሮ ማጽደቅ ነው። ሰው ውክልና መስጠት የሚፈራው ንብረቴ ይሸጥብኛል ብሎ ነው፤ ይሁን እንጂ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2203 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራን የማከናወን ሥልጣን ብቻ ነው። እኔን የጎዳኝ ያ ተራ አስተዳደር ነው፤ ቤቴን ማንም አልሸጠብኝም።

ዕዳውን በስምንት ወር ከፈልኩ። የአክስቴን ልጅ አላባረርኩትም። በቃለ ጉባኤ ሥራ አስኪያጅ አድርገን ሾምነው፣ ቃለ ጉባኤውን አረጋግጠን ንግድ ምዝገባ ላይ አስለወጥን፤ ሳይመዘገብ የቀረ ለውጥ በሦስተኛ ወገን ዘንድ አይቆጠርምና ይህን እርምጃ ለነገ አትበሉት። እስከዚያ ድረስ የተወሰነ ደሞዝ እንኳን አልነበረውም፤ አሁን በውል አለው። የዱቄት መግዣ የሚሆን ገንዘብም ለይቼ ባንክ አስቀመጥኩለት።

አሁንም የምሄደው በወር አንድ ቀን ነው። መጀመሪያ የግብሩንና የጡረታውን ደረሰኝ አያለሁ፤ ቀጥሎ ስንት ኩንታል ዱቄት ገብቶ ስንት ዳቦ እንደወጣ እናመሳክራለን፤ ስለ ትርፍ የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። ለለቀቀችው ሠራተኛ የ19 ወሩን ደረሰኝ ኮፒ አዲሱ መሥሪያ ቤቷ ድረስ ወስጄ ሰጠኋት። አንድ በአንድ ቆጥራ ተቀበለችኝ።