በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና የምትቀዳን ሴት በልኳ መንደፍ

ቆሞ ቀጥ ያለ ሰው ለጀማሪ አይከብድም። የሚያስቸግረው የተቀመጠ ሰው ነው፤ በተለይ በጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና የምትቀዳ ሴት። በርጩማው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቷ ከዳሌዋ ከፍ ይላል፣ ጭኗ ወደ ተመልካቹ ይመጣል፣ ወገቧም ወደ ረከቦቱ ያጎነብሳል። ጭን ረጅም መሆኑን ስለምናውቅ እጃችን አስረዝሞ ይነድፈዋል። ዓይን የሚያየው ግን አጭር ጉርድ ነገር ነው። አብዛኛው የልክ ስህተት የሚመጣው የሚታየውን ትቶ የሚታወቀውን ከመሳል ነው፤ መድኃኒቱም መለካት ነው።

የምንነድፈው ከፎቶ ነውና መጀመሪያ ፎቶው። ብዙ ንድፍ የሚበላሸው ገና እርሳስ ሳይነሣ ነው። ስልኩ ከጉልበቷ 1 ሜትር፣ ከፊቷ 1.5 ሜትር ርቆ ከተነሣ፣ ጉልበቷ ከፊቷ አንጻር በግማሽ ያህል ገዝፎ ይወጣል። ከጉልበቷ 4 ሜትር ራቁና በ2 እጥፍ አቅርባችሁ አንሡ፤ ልዩነቱ ወደ 12 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ቆማችሁ ከላይ አታንሡ፤ ተንበርክካችሁ ስልኩን በደረቷ ከፍታ ያዙት። ብርሃኑም ይታሰብበት። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ትወርዳለች፣ የዓይን ጉድጓዶችም በጥላ ይዋጣሉ። ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሻላል። በክረምት ደመናው ጥላን ሁሉ ያጠፋል፤ ያኔ ብርሃኑ ከአንድ ጎን እንዲገባ በር አጠገብ አስቀምጧት።

ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አጋድማችሁ አትሥሩ። ከላይ ያለው የወረቀቱ ክፍል ከዓይን ስለሚርቅ ጠቦ ይታያል፣ እጅም ያንን ለማካካስ ራስና ትከሻን ያገዝፋል። ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ ለጥፋችሁ ፊት ለፊታችሁ አቁሙት።

መለኪያችን ራስ ነው። የቆመ ሰው በአማካይ 7 ራስ ተኩል ያህል ይረዝማል። በርጩማ ላይ ያለችው ግን ከወለል እስከ አናት 5 ራስ አካባቢ ትሆናለች፤ ካጎነበሰች ከዚያም ታንሳለች። ግምቱን ትታችሁ የራሳችሁን ፎቶ ለኩ። የወረቀት ቁራጭ ስክሪኑ ላይ አስጠግታችሁ የራሷን ቁመት ምልክት አድርጉበት፣ ከዚያ በዚያው ቁራጭ ወደ ታች ቁጠሩ። ራሷ 2.4 ሴንቲ ሜትር፣ ጠቅላላው 12 ከሆነ 5 ራስ ነው። ኤ ፎር ወረቀት ላይ ራሷን 5 ሴንቲ ሜትር ብታደርጉ ሥዕሉ 25 ይሆናል፣ ከላይና ከታችም ቦታ ይተርፋል። በመሐል ፎቶውን አቅርባችሁ ወይም አርቃችሁ ከሆነ የለካችሁት ሁሉ ፈርሷልና እንደገና ጀምሩ።

ሻሽ ካሰረች አናቷ የት እንዳለ ያሳስታል። ቀና ብላ ፊት ለፊት ካየች፣ ከአገጭ እስከ ዓይን ያለው የራስ ቅል ግማሽ ነውና በእጥፍ አስቡት። ስትቀዳ ግን ታጎነብሳለች፤ አናቷ ይሰፋል፣ ዓይኖቿ ከግማሽ በታች ይወርዳሉ፣ ጆሮዋ ከዓይኗ በላይ ይወጣል። ያኔ የምትለኩት በፎቶው ላይ የሚታየውን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዓይን ያደገ እጅ እዚህ ጋር ዓይንን ማተለቅ ይወዳል። በዚያ ሥዕል ትልቅ ዓይን ሆን ተብሎ የሚሠራ፣ ትርጉም ያለው ነገር ነው፤ እዚህ ግን ልክን ያፈርሳል።

አሁን በቀጭኑ ንደፉ። አናት፣ የእግር ጫፍ፣ የግራና የቀኝ ጥግ፤ አራት ምልክት ብቻ። ቀጥሎ ቱንቢ። ግንበኞች እንደሚያደርጉት ክር ላይ ብሎን አንጠልጥሉ፣ የፎቶውን ጠርዝ ከክሩ ጋር አስተካክላችሁ ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ክሩንም በጆሮዋ ላይ አሳልፉት። ጉልበቷን ይነካል? ከቁርጭምጭሚቷ ምን ያህል ይርቃል? በወረቀቱም ላይ እንዲሁ መሆን አለበት። የራሷ መስመር ከእግሮቿ አልፎ ወደ ፊት ከወጣ ሴትየዋ ረከቦቱ ላይ ልትወድቅ ትመስላለች።

ጭኑን እንደ ጭን ሳይሆን እንደ ቅርጽ ለኩ፦ ስንት ራስ ይሰፋል፣ ስንት ራስ ከፍ ይላል? ግማሽ ራስ ብቻ ከፍ ካለ፣ ቢከፋችሁም ግማሽ ራስ አድርጉት። መጀመሪያ ጉልበቱን ንደፉ፤ ከኋላው ያለው ዳሌ በጉልበቱ እንዲሸፈን። ከጉልበት እስከ ተረከዝ ቀጥ ብሎ ሲቆም 2 ራስ ገደማ ነው፤ እግሯን ወደ ፊት ከዘረጋች ያጥራል።

ጀበና የያዘው ክንድ በሁለት መንገድ ይያዛል። አንደኛው በሰዓት ቆጣሪ ነው፦ ከትከሻ እስከ ክርን ያለው መስመር የትኛውን ሰዓት ይጠቁማል? ሁለተኛው፣ እኔ ይበልጥ የማምነው፣ በክንዱና በጎኗ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው። ያ ባዶ ቦታ ስም ስለሌለው አእምሮ አያርመውም፤ ቅርጹን በትክክል ከነደፋችሁት ክንዱ ራሱ ይወጣል። እጅን ሁሉም ሰው ያሳንሰዋል። የተዘረጋ እጅ ከአገጭ እስከ ፀጉር መነሻ ያህላል።

በርጩማውን አትናቁት። መቀመጫው ክብ ቢሆንም የሚታየው ሞላላ ነው፤ ከኋላ ያለው እግር ደግሞ ወረቀቱ ላይ ከፊተኞቹ ከፍ ብሎ ይቆማል። ሦስቱን እግሮች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ካቆማችኋቸው በርጩማው ከወለሉ ይነሣል፣ እሷም አብራ ትንሳፈፋለች።

ነጠላውን ሰውነቱ ሳያልቅ አትጀምሩ። እጥፋቱ የሚነሣው ጨርቁ ከተንጠለጠለባቸው ቦታዎች፣ ከትከሻና ከጉልበት ነው፤ ጉልበቱ ያለ ቦታው ከሆነ እጥፋቱም ይዋሻል።

በመጨረሻ ፎቶውንም ሥዕሉንም ገልብጣችሁ እግራቸውን ወደ ላይ አድርጉና አስተያዩ። የተጣመመው ትከሻ ወዲያው ይታያል። ያንን በላጲስ አስተካክሉ፣ ከዚያ ወደ ፊቷና ወደ ጣቶቿ ግቡ።