ከማንቆርቆሪያ የተፋቀው ጠጠር

ሸዋ ሮቢት ዙሪያ ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ላብራቶሪ ስሠራ ነው። የጠዋቱን የጤና ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ጤና መኮንናችን ነበር። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱም አያርምም። አንድ ቀን ከሻይ ክበቡ ማንቆርቆሪያ ይዞ ብቅ አለ። ካርድ በሚጠብቀው ሰው ፊት ውስጡን በማንኪያ ፋቀና ነጩን ቅርፊት መዳፉ ላይ አድርጎ አዙሮ አሳየ።

«ኩላሊታችሁ ውስጥ የሚጋገረው ይኸው ነው! የጉድጓዱ ውሃ ነው የሚያመጣባችሁ!»

ሰው አፉን በእጁ ያዘ። ለነገሩ ትምህርቱ ያምራል፤ ማንም አይረሳውም። ችግሩም እሱ ነበር። ሻይ ሰዓት ላይ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ካልሲየም ካርቦኔት መሆኑን፣ የኩላሊት ጠጠር ግን አብዛኛው ካልሲየም ኦክሳሌት መሆኑን፣ ሰውን ከውሃ ማስበርገግ ደግሞ ጭራሽ ጠጠር መጥራት መሆኑን ነገርኩት። «አንቺ ማይክሮስኮፕሽን ተመልከቺ» አለኝ።

ተመለከትኩ።

ሁዳዴ ተጋምሶ፣ የሮቢት ሙቀት በጠዋቱ ማንደድ ጀምሯል። ሽንኩርትና ማሾ የሚያመርቱ አንድ አባት በሁለት ልጆቻቸው ተደግፈው መጡ። መቀመጥም መተኛትም አቅቷቸው ግድግዳውን ይዘው ይንቆራጠጣሉ። «ወገቤን ሰቅዞ ይዞ እስከ ብሽሽቴ ይወርዳል።» ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ መርፌ ቶሎ በማዘዙ መኮንናችንን አላማውም። የሽንት ናሙናው ሲመጣልኝ የዕቃውን ወለል እንኳ በቅጡ አልሸፈነም፤ ጠቁሯል። ሽንት ውስጥ የሚነከረው መመርመሪያ ወረቀት፣ ዲፕስቲኩ፣ ደም ሦስት ፕላስ፣ ማለትም ብዙ ደም አሳየ፤ የሽንቱን መወፈር የሚለካው ስፔሲፊክ ግራቪቲ ደግሞ 1.030፣ ማለትም የንባቡ ጫፍ። በማሽን አሽከርክሬ (ሴንትሪፉጅ አድርጌ) ዝቃጩን በማይክሮስኮፕ ሳየው ቀይ የደም ሕዋስ ሞልቶታል፤ በመሃሉ ደግሞ ፖስታ የሚመስሉት የኦክሳሌት ክሪስታሎች። ክሪስታሉ ብቻውን ጠጠር አለ አያሰኝም፤ ጤነኛም ሽንት ላይ አየዋለሁ። ከደሙና ከዚያ ሕመም ጋር ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል።

ውጤቱን ይዤ ስገባ ሕመሙ በረድ ብሎላቸው ተቀምጠዋል፤ መኮንኑ ምክር ላይ ነው።

«አባባ፣ ጠጠር ነው። ወተት ይተዉ። ውሃ በብዛት ይጠጡ።»

«የትኛውን ውሃ?»

«ያው ውሃ ነዋ።»

«ያን ቀን ከማንቆርቆሪያ የፋቅኸውን?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጆቻቸው መሬት መሬት ያያሉ። እሳቸው ግን ነገር ለመፈለግ አልነበረም፤ የምር ግራ ገብቷቸው ነው። ከዚያ ትምህርት ወዲህ የቤቱ ሰው የጉድጓዱን ውሃ ትቷል። ምራታቸው ከሩቅ ምንጭ አንድ ጀሪካን ታመጣለች፤ እሱም ለወጥና ለቡና እንጂ ለመጠጥ አይተርፍም። ቀን ከሽንኩርት ማሳ ላይ ይውላሉ፤ ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ አይቀምሱም፤ ማታም ያቺን ጀሪካን እየሰሰቱ አንድ ጣሳ ጠጥተው ይተኛሉ።

መኮንናችን ስልኩን አወጣ። «እሷ ታስረዳዎታለች» ብሎ ወደ እኔ አሳለፋቸው።

ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። ጠጠሩ ከውሃው አይመጣም፣ ከውሃው ማነስ እንጂ። ላብ ሲበዛና የሚጠጣው ሲያንስ ሽንት ይወፍራል፤ በውስጡ ያለው ካልሲየምና ኦክሳሌት መሟሟት አቅቶት ይያያዛል። ጨው ሲበዛ ካልሲየሙን ወደ ሽንት ይገፋዋል። በዘር የሚመጣም፣ ሥጋ በማብዛት የሚብስም፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያበቅለውም አለ። ወተቱን ደግሞ መተው አያስፈልግም፤ ከምግብ ጋር የሚገባ ካልሲየም ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ከሰገራ ጋር ያስወጣዋል። በቀን ከ2 ሊትር በላይ ሽንት መውጣት አለበት፤ በዚህ ሙቀት ለዚያ 3 ሊትር መጠጣትም ላይበቃ ይችላል። ጾሙን የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፣ ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ አልኳቸው።

ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «የኔ ልጅ፣ ይህን ሁሉ እያወቅሽ ያን ቀን የት ነበርሽ?»

«እዚያ የላብራቶሪው መስኮት ውስጥ ነበርኩ፣ አባባ። መስኮቴ ጠባብ ናት።»

ሳቁ፤ ሲስቁ ጎናቸውን ወጋቸውና ያዙት። መኮንኑ ከስልኩ ቀና አላለም።

ደብረ ብርሃን ተልከው በአልትራሳውንድ ሲታዩ ወደ ፊኛ ሊገባ የተቃረበ 5 ሚሊ ሜትር ጠጠር ተገኘ። ያን ያህሉ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ እየጠጡ ይጠብቁ ተብለው ተመለሱ።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ መስኮቴን አንኳኩ። ከኪሳቸው የክብሪት ቀፎ አውጥተው ከፈቱልኝ፤ በጥጥ ላይ ቡናማ፣ ሻካራ፣ ከምስር የማትበልጥ ነገር። «ለዶክተሩ ስጪልኝ። ከማንቆርቆሪያው ጋር ያስተያየው።»

ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። በእስክሪብቶው ጫፍ ነካ ነካ አደረጋትና የማን እንደሆነች ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«አየሽ፣» አለኝ ፊቱ በርቶ፣ «ውሃ ይጠጡ ብዬ አልነበር!»