ሰባቱን ሳህን አንድ በአንድ

አዲስ አበባ፣ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ፣ ሼፉ የመረጣቸው ዘጠኝ ትናንሽ ምግቦች በየተራ ቀረቡልኝ። ፈረንሳዮቹ ዴጉስታሲዮን ይሉታል። ማዘዝ የለም፤ ከቀላሉ ተጀምሮ ወደ ከባዱ ይኬዳል፣ እያንዳንዱም ቢበዛ ሦስት ጉርሻ ነው። ደሴ ስመለስ አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ። በያይነቱ ላይ እርስ በርሱ የሚነካካው ምግባችን እንዲህ ለየብቻው ቢቀርብስ?

ፍልሰታ ላይ ሞከርኩት። ጾም የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። እኛ ቤት ድግስ ሲኖር ሙስሊም ጎረቤቶቻችን አይቀሩም፤ ሥጋ ከሌለበት ደግሞ የእናንተ የእኛ የለም፣ ሁሉም ከሁሉም ይበላል። ስድስት ሰው፣ ሰባት ሳህን።

አልሆነም። የጠራኋቸው ዘጠኝ ሰዓት፣ ልክ ቅዳሴ ሲያልቅ ነው። እማዬ ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ እኔ የሲኒ ማስቀመጫ የምታክል ሳህን ይዤ እስክመጣ ቆሎውን ጨረሰችው። «ልጄ፣ አንድ ላይ አቅርቢውና እንብላ እንጂ» አለችኝ። ትልቁ ስህተቴ ግን አዚፋን ማስቀደሜ ነበር። ሰናፍጩ አፍንጫ ሰንጥቆ ገባ፣ ከሱ ቀጥሎ የመጣው ሱፍ ውሃ ውሃ አለ። ከየሳህኑ ጋር አንድ አንድ ጥቅል እንጀራ ስለሰጠሁ አራተኛው ላይ ሁሉም በቃኝ አለ። ሽሮው በነሐሴ የደሴ ብርድ ገና ጠረጴዛ ሳይደርስ ረጋ። ያን ሁሉ ለፍቼ፣ አዝኜ አደርኩ።

ኅዳር ላይ፣ የነቢያት ጾም ሲገባ ደገምኩት። ማታ አንድ ሰዓት አደረግሁት። ቆሎው ለቡና ቆየ። እንጀራውን መዳፍ በምታክል ልክ ቆረጥኩ፤ ጤፉን ለሱፍ፣ የቆላውን ማሽላ ለሽሮ። ሽሮው ለየሰዉ በትንንሽ ሸክላ እየተንተከተከ ገባ። ጎረቤታችን ቀሪቦ ይዘው መጥተው ነበር፤ በየመሀሉ አንድ አንድ ጉንጭ ስንል አፋችን ለሚቀጥለው ይጸዳል። ይህን እኔ አላሰብኩትም፣ እሳቸው ናቸው ያመጡልኝ።

ሱፉ ቀደመ። ቆልቼ ወቅጬ፣ በውሃ በጥብጬ ሁለቴ አጠለልኩት፣ ወተት መሰለ። ላዩ ላይ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት፣ ሌላ ምንም የለም። ቤቱ ጸጥ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከቀይ ወጥ ጋር እየተለወሰ ስበላው ኖሬ፣ ብቻውን ለውዝ ለውዝ እንደሚል ያወቅሁት ያኔ ነው። አዚፋው ስድስተኛ ገባ፤ አፍ ከሽሮው በኋላ ሲሰንፍ ሰናፍጩ ቀሰቀሰው። በዚያ ቦታ ሰው ሁሉ ወደደው።

ቡናውን አልነካሁትም። እሱ ድሮም በተራ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቶናው ላይ እማዬ ሲኒዋን አስቀመጠችና «ያቺ የመጀመሪያዋ ሱፍ ተርፋ ይሆን?» አለች።