ጎማ የሌለው ቮልስ ተሳቢ ላይ ልትጭኑ ነው? መጀመሪያ ይህን አንብቡ

አባቴ የተዉልን ቮልስ ጉለሌ ግቢያችን ውስጥ ለዓመታት ቆሟል። ሞተር የለው፣ ወንበር የለው፣ መስታወት የለው። ጎማዎቹን ማን እንደወሰዳቸው ቤተሰቡ እስካሁን ይነታረካል። ግቢው ሊሸጥ ሲሆን መኪናው ሳሪስ ወዳለ ጋራዥ መሄድ ነበረበት። «ባዶ ቆርቆሮ ነው፣ ምን ያስቸግራል?» ያላለኝ ሰው የለም። ይህን የሚላችሁን ሰው በጭነቱ ቀን ጥሩት፣ አይመጣም።

ተሳቢና ፒክአፕ መከራየት ቀላል ነው፣ ደላላ ሞልቷል። መኪናውን በክሪክ አንስቶ ጣውላ ላይ ማስቀመጥም እንደዚያው።

ምክሬን ላስቀድም፦ ምንም ያስከፍላችሁ፣ ጎማ ተዋሱ ወይም ተከራዩ። የተላጨ ይሁን፣ ብቻ ይሽከርከር። እኔም አንድ መካኒክ ጠርቼ ነበር። የመኪናውን ሞዴል ነግሬ «ቸርኬው (ጎማው የሚገባበት ብረት) ይገጥማል ወይ?» ብዬ ብጠይቀው «ቮልስ ቮልስ ነው» አለኝ፣ በሙሉ ልብ። ይዞ የመጣው ባለ አራት ቀዳዳ ነው። የኛ አምስት ቡሎን ይጠይቃል። ባለ አራቱ የመጣው በፈረንጅ 1960ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ደግሞ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ራሱ ይለያያል፤ የአምስቱ 205 ሚሊሜትር፣ የአራቱ 130 ነው። ስለዚህ «ሁለት ቡሎን ከያዘ ይበቃል» የሚባለው ጨዋታ እዚህ አይሠራም። በቮልስ ጥርሱን የነቀለ ሰው ይህን እንዴት ያጣዋል? የመጣበትን ግን ተቀብሎ ሄደ። እናንተ የሊብሬውንም የመካኒኩንም ዓመት ተዉትና ታምቡሩ (ቸርኬው የሚታሰርበት ክብ ብረት) ላይ ያለውን ቀዳዳ ቁጠሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልግባ።

ተሳቢው በር ላይ እንደቆመ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ከች አሉ። «ይሄ የኛ ሥራ ነው።» ቀደም ብዬ ወረዳ ጠይቄ ነበር። «ባለንብረቱ ሳይስማማ ማስገደድ አይችሉም» ተብያለሁ። ደስ ይላል። «ችግር ካለ ደውል» ብለው የሰጡኝን ስልክ ግን ጠርቶ ጠርቶ የሚያነሳው ጠፋ። ስለዚህ መመሪያው ምንም ይበል፣ የኔ ምክር ሌላ ነው፦ ተሳቢው ከመምጣቱ በፊት ልጆቹን አናግሩና ዋጋ ቁረጡ። ተሳቢው በር ላይ ቆሞ፣ ኪራዩ እየቆጠረ የምትከራከሩት ክርክር አይረታም።

በዋጋ ተስማማን። በአሠራር ግን አልተስማማንም። እኔ ያዘጋጀሁት ረጃጅም ወፍራም ጣውላ፣ ግሪስና በእጅ የሚጎተት የሰንሰለት ማንሻ ነው። አለቃቸው ሰንሰለቱን በእግሩ ገፋ አድርጎ «ይሄማ ለሎንቺና ነው፣ በእጅ እናነሳታለን» አለ። ከዚያ ጠንካራ ጠንካራዎቹን ወደ ኋላ መደበ። ለምን? «የቮልስ ክብደት ኋላ ነው።» እውነት ነው፣ ሞተሩ እዚያው ሳለ። ሞተሩ ሲወጣ ከኋላ መቶ ኪሎ ያህል ይቀንሳል፣ ሚዛኑም ይለወጣል። ይህን ብነግረው ማን ሊሰማኝ! ፊት ላይ የቀሩት ሁለት ቀጫጭን ልጆች ናቸው፣ እነሱም የያዙት ፓራፋንጎውን።

ፓራፋንጎ ጎማውን ከላይ የሚሸፍን፣ አካሉ ላይ በቡሎን የታሰረ ቆርቆሮ ነው፤ መኪና ሊሸከም አልተሠራም። «በል፣ ሆ!» ሲሉ ኋላው ብድግ አለ፣ ፊቱ ግን ቀረ። የግራው ፓራፋንጎ የዛገው ቡሎን ዙሪያ እንደ ወረቀት ተቀደደ። የፊቱ ታምቡር ተሳቢው ጭራ ላይ ጓ ብሎ አረፈ። ይሄኔ የተሳቢው ጭራ ወደ ታች ሄደ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ተነሳ፣ የፒክአፑንም ኋላ ይዞት ተነሳ። ሾፌሩ ጎማው ሥር ታኮ እንኳ አላደረገም ነበር። አንደኛው ልጅ እጁን ያወጣው ለጥቂት ነው። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮህ ጀመር፣ በጣም የጮኸው ደግሞ ሰንሰለቱን የገፋው አለቃ።

ነገሩ ቀላል ነው። ጭነቱ የተሳቢውን ጎማ እስኪያልፍ ድረስ ክብደቱ የሚያርፈው ጭራው ላይ ነው። ስለዚህ ከጭራው ሥር ግራና ቀኝ ድንጋይ ወይም ግንድ ደግፉ፣ የፒክአፑንም የተሳቢውንም ጎማ በታኮ ያዙ። ይህን ሳታደርጉ ማንም መኪናውን እንዳይነካ።

ከዚያ በኔ መንገድ ሆነ። ጣውላዎቹን ከመሬት እስከ ተሳቢው ወለል ዘርግተን፣ እንዳይንሸራተቱ ጫፋቸውን ከተሳቢው ጋር አሰርን። በየታምቡሩ ሥር ቁራጭ ላሜራ አስገባን፣ ጣውላውን ግሪስ ቀባን። ሰንሰለቱን የፊት አክስል ላይ፣ እነዚያ ሁለት አግድም ቱቦዎች ላይ አሰርኩ። ፓራውልት ላይ አትሰሩ፣ ይነቀላል። የመሪ ዘንግ ላይም አትሰሩ፣ ይጣመማል። ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አሰልቺ ነው፤ መኪናው ግን ልጆቹ ቆመው እያዩት ብቻውን የሚሄድ ይመስል ወጣ። ሳይገፉ ሙሉ ሒሳባቸውን ተቀበሉ፣ ለተቀደደው ፓራፋንጎም «እሱ ድሮም ዝጎ ነበር» ተባልኩ። ስትጭኑ ማሰሪያውን ከአክስሎቹ ጋር አድርጉት፣ ከአካሉ ጋር አይሁን።

መንገድ ላይ አንድ ትራፊክ አስቆመን። ሊብሬ ጠየቀ፣ ሰጠሁት። ቀጥሎ ቦሎ ጠየቀ። ሞተርም ጎማም ለሌለው መኪና ቦሎ! በአባቴ ስም የሆነው ሊብሬ ባይኖር ግን የሌባ ንብረት ተብሎ እዚያው ይቀር ነበርና ወረቀቱን ዋናውን ያዙ፣ ፎቶው አይበቃም።

ማውረዱ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፣ ያው በሰንሰለት ነው። ባለ አምስት ቀዳዳውን ቸርኬ በኋላ ሶማሌ ተራ አገኘሁት። ሻጩ ከማሳየቱ በፊት የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አራት ነው አምስት?»