በረዶውም ምርመራውም የውሸት

ጥቅምት ሳይጋመስ የአሜሪካው ሆልማርክ ቻናል የገና ፊልሙን ጀመረ። ሃሎዊን እንኳን አላለፈም። የሰፈሩ ልጆች የአጽም ልብሳቸውን ለብሰው ከረሜላ ሳይለቅሙ እዚያ ቻናል ላይ በረዶ እየወረደ ነው። ይህ ወግ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው የተጀመረው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ)፤ አሁን በየዓመቱ አዲስ ብቻ በደርዘን የሚቆጠር ፊልም ይለቃሉ።

እኔ የነዚህ ፊልሞች ተመልካች ነኝ። አላፍርም። ከሥራ ስገባ ጭንቅላቴ ሌላ ነገር አይቀበልም።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ሴትየዋ ትልቅ ከተማ ትሠራለች፣ ስልክ ከጆሮዋ አይለይም፣ ቀይ ኮት አላት። እጮኛዋ ሱፍ ለባሽ ነው፣ ገና አይወድም። የሆነ ሰበብ ይፈለግና ትንሽ ከተማ ትሄዳለች፤ የአያቷ ዳቦ ቤት ሊዘጋ ነው፣ ወይ ደግሞ የገና ዛፍ እርሻው ዕዳ ውስጥ ገብቷል። እዚያ ባለ ዳማ ሸሚዝ ሰውዬ አለ። ሚስቱ ሞታበታለች፣ አንዲት አፈ ጮሌ ሴት ልጅ አለችው። መጀመሪያ ቡና ይደፋባታል። ከዚያ ኩኪስ አብረው ይጋግራሉ፣ አፍንጫዋ ላይ ዱቄት ይቀራል፣ ሊሳሳሙ ሲሉ ሰው ይገባል። ፊልሙ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው የሆነ የስልክ ወሬ በግማሽ ትሰማና ትቀየመዋለች። የከተማው ዛፍ ሲበራ ይታረቃሉ። ይሳሳማሉ። በረዶው በዚያችው ሰከንድ ይጀምራል። አለቀ።

በረዶው ራሱ ጉድ ነው። ብዙዎቹ ፊልሞች የሚቀረጹት ካናዳ፣ በተለይ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ቫንኩቨር አካባቢ ነው፤ ብዙ ጊዜም በበጋ። አንዱ ፊልም በሁለትና በሦስት ሳምንት ተቀርጾ ያልቃል። የምናየው በረዶ አረፋ ነው፣ ወረቀት ነው፣ አንዳንዴ መሬት ላይ የተነጠፈ ነጭ ጨርቅ ነው። ተዋናዮቹ በዚያ ሙቀት በወፍራም ኮትና በሱፍ ሻርፕ ይንገላታሉ። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ደስታዬ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። አሁን አፋቸውን ነው የማየው። ብርድ ላይ ቆሞ የሚያወራ ሰው ትንፋሹ ይታያል፣ የነሱ አይታይም። አንዱ ፊልም ላይ ከ"በረዶው" ጠርዝ ባሻገር ሣሩ ለምልሞ አየሁ፣ ሰውዬው ደግሞ እጁን እያሟሟቀ "ዘንድሮ ብርዱ በዛ" ይላል።

ባለፈው ብርድ እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከረመች። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባትም፣ ፊልሙ ግን ከኔ በላይ ይገባታል። ባለ ዳማ ሸሚዙ ገና በር ላይ ብቅ ሲል "እሱ ነው" ትላለች። አለቀ፣ እሱ ነው። የልጅቷ እናት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሞተች ናት፣ ፎቶዋ ምድጃው ላይ ይቀመጣል፤ እማዬ በየፊልሙ "ነፍሷን ይማር" ትላለች፣ ከልቧ። ቅሬታዋ ሌላ ነው። "የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም? ሽማግሌ የለ፣ ዘመድ የለ፣ በሳምንቱ ቀለበት?"

ሌላው ጣጣ ቅቤው ነው። ገናን የሚጠብቁት እነሱ ብቻ አይደሉም፣ እኛም ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ላይ ነን። እኛ ሶፋው ላይ ሽሮና ጎመናችንን ይዘን፣ እነሱ ቅቤውን በትልቅ በትልቁ እየቆረጡ ሊጥ ውስጥ ይጨምራሉ፣ ትኩስ ቸኮሌቱ ላይ ክሬም ይከምራሉ። አንድ ማታ እማዬ ትዕግሥቷ አለቀ። "ቀይሪልኝ እባክሽ፣ ፖሊሱን አምጪው፣ ሬሳ ይሻላል።"

ፖሊሱ ማለት ሎው ኤንድ ኦርደር የሚባለው የኒው ዮርክ የወንጀል ምርመራ ድራማ ነው። ዋናው በ1990 ተጀመረ፣ በ2010 ተቋረጠ፣ በ2022 ተመለሰ። የወሲብ ጥቃት ወንጀሎችን የሚያሳየው ተከታዩ ግን ከ1999 ጀምሮ ቀጥ ብሎ አያውቅም። ማሪስካ ሃርጊቴይ እዚያ ላይ ኦሊቪያ ቤንሰንን ሆና ተራ መርማሪ ጀመረች፣ ካፒቴን ደረሰች፣ ጡረታም የላት። ከትዕይንት ትዕይንት ሲሸጋገር "ዱን ዱን" የሚል ድምፅ አለ። እማዬ ከኩሽና ትሰማውና "መጣሁ፣ መጣሁ!" ትላለች።

እዚያ ላይ ከሁሉ የሚያስቀኝ ምስክሮቹ ናቸው። መርማሪዎቹ መጥተው ሰው ተገድሏል ይላሉ፣ ሰውየው ሳጥን መደርደሩን ይቀጥላል። አሻቅቦም አያይም። "ማክሰኞ ነው ያየኋት፣ ከረዥም ሰው ጋር ነበረች" ይልና ሌላ ሳጥን ያነሳል። ወንድሜ ዲሲ መሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀጥሮ ሠርቷል፣ ይህን ሲያይ ይበሳጫል። "እኔን ፖሊስ ቢያናግረኝ ቁልፉም ከእጄ ይወድቃል፣ ስሜም ይጠፋብኛል" ይላል።

እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ፊልሞች ለኔ አንድ ናቸው። መጨረሻው ይታወቃል፣ ለዚያም ነው የምናየው። እስኪያልቁ ድረስ ዓለም መልክ ይይዛል። ግን አንድ ማታ የሆነች ነገር ከነከነችኝ። የተያዘው ልጅ ምርመራ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ "ጠበቃዬን እፈልጋለሁ" አለ። እማዬ ሽሮዋን አስቀመጠችና "እሱ ነው" አለች። ያቺኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ።

"እማዬ፣ ጠበቃ መጠየቅ እኮ መብት ነው" አልኳት።

"ንጹሕ ከሆነ ጠበቃ ምን ያደርግለታል?"

ይህን እንግዲህ አዲስ አበባ አልተማረችውም፣ በኔው ቴሌቪዥን ነው። እውነት ለመናገር እኔም ውስጤ እንደዚያው ብሎ ነበር። ተጠርጣሪ ሲያዝ "ዝም የማለት መብት አለህ" የሚለው ማስጠንቀቂያ በ1966 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የመጣ ነው፣ አሜሪካ የኖረ ሰው ከድራማ ብዛት በቃሉ ይዞታል። ድራማው ግን ቃሉን ያስጠናንና በመብቱ የተጠቀመበትን ሰው መልሶ ያስጠረጥረናል። ጠበቃው ሲገባ ሙዚቃው ይቀየራል፣ ጠበቃው ውድ ሱፍ ለብሷል፣ መርማሪዋ ተበሳጭታ ትወጣለች። እኛም አብረናት እንበሳጫለን። መርማሪው ጠረጴዛ ሲመታ ደግሞ፣ "ጓደኛህ ሁሉንም ነግሮናል" ብሎ ሲዋሽ (በነገራችን ላይ በ1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለው ውሸት ብቻውን ተጠርጣሪው የሰጠውን ቃል ውድቅ አያደርገውም ብሏል) ደስ ይለናል፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ልጁ ገዳይ መሆኑን አስቀድሞ ወስኖልናል።

ሎው ኤንድ ኦርደር ከመጀመሩ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1989፣ እዚያው ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ አንዲት ሯጭ ተደፍራ፣ ተደብድባ ለሞት ደርሳ ተገኘች። ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆኑ አምስት ጥቁርና ላቲኖ ልጆች ተያዙ። ከረዥም ምርመራ በኋላ አራቱ በቪዲዮ አመኑ፣ አምስቱም ተፈረደባቸው። በ2002 ሌላ እስረኛ እኔ ነኝ ብሎ ተናገረ፣ ዲኤንኤውም የሱ ሆነ፣ ፍርዱ ተሰረዘ። ያ የምርመራ ክፍል በድራማ ቢሠራ በአርባ ደቂቃ አጨብጭበን እንተኛ ነበር። በእውነተኛው ዓለም ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በቅርብ ዓመታት ፖሊስ መልስ ያገኘለት ግድያ ግማሽ አካባቢ ነው፤ የጎረቤቴ መኪና ከሕንጻችን ሥር ስትሰረቅማ አንድ ፖሊስ መጥቶ ለኢንሹራንስ የሚሆን ቁጥር ሰጥቷት ሄደ፣ በቃ፣ "ዱን ዱን" የለ ምን የለ።

ሰዎች የገና ፊልም አያለሁ ስላቸው ይስቁብኛል፣ ፖሊስ አያለሁ ስል ግን ቁም ነገር ያየሁ ይመስላቸዋል። ለኔ ተገላቢጦሽ ነው። የገናው ፊልም ማንንም አይሸውድም፣ ባለ ዳማ ሸሚዝ ፍለጋ ሥራዋን ለቃ ገጠር የገባች ሴት አላውቅም። ፖሊሱ ግን ኒው ዮርክን በእውነተኛ መንገዶቿ ያሳይህና፣ ታሪኩን ከጋዜጣ ይቀዳና፣ ዳኛ አድርጎህ ያስነሳሃል።

መተው ግን አልተውኩም። ዘ ዋየር የሚባለውን የፖሊስ ድራማ ልሞክርባት ብዬም ነበር። ከ2002 እስከ 2008 የታየ፣ ታሪኩ እዚሁ ቅርባችን ባልቲሞር፣ የጻፈው ዴቪድ ሳይመን ለባልቲሞር ሰን ጋዜጣ ፖሊስ ሲዘግብ የኖረ ሰው ነው። ቢሮክራሲው፣ አለቆቹ ቁጥር ሲያሳምሩ፣ ምርመራው ሲጓተት፣ ሁሉም አለበት። እማዬ ሁለት ክፍል አየችና "መቼ ነው የሚይዙት?" አለች። ይቆይ ይሆናል አልኳት። "እንግዲያው ሲይዙት ጥሪኝ" ብላ ገብታ ተኛች። ሌላው የፖሊስ ድራማ ብሉ ብለድስ ግን ተስማማት። በ2024 እስኪያልቅ ድረስ ተዋናዩ ቶም ሴሌክና የፖሊስ ቤተሰቡ እሑድ እሑድ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው፣ ጸልየው ይበሉ ነበር። ወንጀሉ አልያዛትም። ጸሎቱ ጋ ስትደርስ "አሜን" ትላለች።

የፈረንጆቹ ገና ሲያልፍ ዛፉ መንገድ ዳር ይጣላል፣ የኛ ገና ገና ጃንዋሪ 7 ነው። በዚያ ክፍተት እኔና እማዬ የራሳችንን ፊልም ጀመርን፣ በወሬ። ልጅቷ ከዲሲ ላሊበላ ትሄዳለች። በገና ሰሞን ነውና ሆቴሉ ሁሉ ሞልቷል፣ ይህን መፍጠር አያስፈልግም፣ እውነት ነው። ሻንጣዋ አዲስ አበባ ቀርቷል። አስጎብኚው ነጠላ ያውሳታል። በማለዳ ቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኵሉ ሲሉ ትይዩ ቆመው ይተያያሉ። መሳሳም የለም፣ እማዬ አልፈቀደችም። መጨረሻው ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ይመጣሉ። እኔ አስጎብኚ ሆኖ ይቅር እላለሁ፣ እሷ ደግሞ ቢያንስ አንድ ዲግሪ ይኑረው ብላ ድርቅ ብላለች። ትናንትም በስልክ ተጨቃጨቅን።